ክርክር፦ የባሩድ ሪቮልቨሮች ከጦር መሣሪያ ሕግ ውጪ ሊቆዩ ይገባል?

አወያይ፦ በአሜሪካ የ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እስከ 1898 የተሠሩ መሣሪያዎችንና ባለ ቀለህ ጥይት የማይጎርሱ ቅጂዎቻቸውን «ጥንታዊ» ብሎ ከቁጥጥር ነፃ ያደርጋቸዋል። ባሩድና የእርሳስ ኳስ ለየብቻ የሚጎርሱት የኮልትና የሬሚንግተን ኩባንያዎች ሪቮልቨር (ጥይት የሚይዙ ጉድጓዶች ያሉት ተሽከርካሪ ሲሊንደር ያለው ሽጉጥ) ቅጂዎች በአብዛኞቹ ግዛቶች ያለ ወንጀል መዝገብ ምርመራ የሚሸጡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ነፃነት ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ከዳላስ፦ እኔ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። «ጥንታዊ» የሚለው ስያሜ ሰውን ያዘናጋል እንጂ የመሣሪያውን ጉልበት አይቀንስም። በ1847 የወጣው ኮልት ዎከር ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በእያንዳንዱ የሲሊንደሩ ጉድጓድ እስከ 60 ግሬይን፣ ማለትም አራት ግራም የሚጠጋ ባሩድ የሚጎርስ ባለ 44 ካሊበር (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በኢንች መቶኛ ሲለካ) ሽጉጥ ነበር። አነስተኛ የሚባለው ባለ 36 ካሊበሩ ኮልት ኔቪ እንኳ የዋዛ አይደለም፤ ዝነኛው የአሜሪካ ተኳሽ ዋይልድ ቢል ሂኮክ በ1865 በሚዙሪ ስፕሪንግፊልድ አደባባይ ዴቪስ ተትን በ70 ሜትር ገደማ ርቀት ደረቱን መትቶ የገደለው በዚሁ ዓይነት ሽጉጥ እንደነበር ይተረካል። ሰው የሚገድል መሣሪያ ዕድሜው ተቆጥሮለት ከሕግ ሊያመልጥ አይገባም።

ከዴንቨር፦ ወንድሜ፣ ገዳይነቱን አልክድም፤ ዎከርን የሁሉ መለኪያ ማድረግዎ ግን ክርክሩን ያዛባዋል። ዎከር የተመረተው 1,100 ያህል ብቻ ሲሆን፣ የዘመኑ ብረት ያን ሁሉ ባሩድ መሸከም ስላቃተው ሲሊንደሮቹ እየፈነዱ አስቸግረዋል፤ ተከትሎት የመጣው ድራጉን መጠኑን ወደ 50 ግሬይን አውርዷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በብዛት የተያዘው የ1860ው ኮልት አርሚ ደግሞ የሚጎርሰው 30 ግሬይን ገደማ ነበር። ዘጠኝ ግራም የምትመዝነው ኳሱ በሰከንድ 250 ሜትር ያህል ብትወጣ ጉልበቷ ከ300 ጁል አይበልጥም፤ ዛሬ የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ግን 480 ጁል ያህል አለው።

ካሊበርን ብቻ አይቶ መፍረድ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ባለ 36 ካሊበሩ ኔቪ የሚጎርሰው 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ኳስ ነው። ከ9 ሚሊ ሜትሩ ጥይት ትሰፋለች፤ ጉልበቷ ግን ግማሹን ያህል ነው፤ ምክንያቱም ክብ ኳስ በመሆኗ ክብደቷ አምስት ግራም ያህል ብቻ ነው፣ ጥቁር ባሩድም ጭስ አልባው ባሩድ የሚፈጥረውን ያህል ግፊት አይፈጥርም።

ነፃነቱን የምደግፈው ግን በጉልበቱ ማነስ ሳይሆን አጎራረሱ አዝጋሚ ስለሆነ ነው። ባሩዱ ተለክቶ ይፈሳል፤ ኳሷ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ዘንግ ወደ ጉድጓዱ ስትገፋ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከዙሪያዋ ተልጦ ይወድቃል፤ ቀለበቱ ሙሉ ከሆነ ኳሷ ጉድጓዱን አጥብቃ ይዛለች ማለት ነው። ከዚያ በላይዋ ቅባት ይደረጋል፤ በመጨረሻም እሳት የሚያስነሱት ትናንሽ የመዳብ ቆቦች ከኋላ አንድ በአንድ ይገጠማሉ። እነዚህን ሥራዎች ስድስት ጊዜ የሚጠይቅን መሣሪያ ካርታው በቅጽበት ከሚቀየር ሽጉጥ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከለንደን፦ በዚህ አገር ያለው ሕግ የሁለታችሁንም ሐሳብ በከፊል ይይዛል። በ1996 በዳንብሌን ትምህርት ቤት ከተፈጸመው ግድያ በኋላ፣ በ1997 በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ አብዛኞቹ ሽጉጦች ሲታገዱ፣ ልቅ ባሩድና ኳስ ከፊት የሚጎርሱት ሪቮልቨሮች ከእገዳው ተርፈዋል። ለመተኮስ የሚይዛቸው ሰው ግን የፖሊስ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ስለዚህ መሣሪያውን ማስቀረትና ባለቤቱን ማወቅ አይጋጩም።

ከዳላስ፦ የለንደኗን እኅታችንን ሐሳብ እቀበላለሁ። የዴንቨሩ ወንድሜ ስለ አጎራረስ የጻፉት ግን ለሬሚንግተን እምብዛም አይሠራም፤ የመሐል ዘንጉ ከተሳበ ሲሊንደሩ ወጥቶ ቀድሞ የተሞላ ሌላ ሲሊንደር ሊተካ ይችላል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ባለ ቀለህ ጥይት የሚያስጎርስ መለወጫ ሲሊንደር ለብቻው በገበያ መሸጡ ነው፤ እሱ ከተገጠመ ሽጉጡ በሕጉም ዘንድ ጥንታዊ መሆኑ ያበቃል፣ ባለቤቱ ግን ሲገዛ ማንም አልመረመረውም።

ከዴንቨር፦ በመለወጫው ሲሊንደር ላይ እስማማለሁ፤ ምርመራው በእሱ ሽያጭ ላይ ቢደረግ አልቃወምም። ትርፍ የባሩድ ሲሊንደርን በተመለከተ ግን ሐሳቤን አልቀይርም፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር አስቀድሞ በዚያው ዝግታ መሞላቱ አይቀርም፣ ከጥቂት ዙር በኋላም የባሩዱ ጥላሸት ዘንጉን ስለሚይዘው አወጣጡ እየከበደ ይሄዳል።