ለልጆች ቁስል አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ፦ ይታሸግ ወይስ ይስተካከል?

መነሻ፦ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ግን ልጅ ሲቆስል መጀመሪያ የሚኬደው መድኃኒት ቤት ነው። ቁጥጥሩ ይጥበቅ?

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን፦ ይጥበቅ እንጂ! በገበያ ቀን «ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን» ተብሎ ይገዛል፣ ካፕሱሉ ተፈልቅቆ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። ዱቄቱ ከመግሉ ጋር ይጋገርና ቅርፊት ይሠራል። እናት «ደረቀለት» ትላለች፤ ከሥር ግን እያመረቀዘ ነው። ቁስል የሚያመግለው ስታፊሎኮከስ (ስታፍ) የሚባለው ባክቴሪያ አብዛኛው አሞክሲሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። ሁለት ፍሬ ደግሞ ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ማስቀረት ነው።

የመድኃኒት መደብር ባለሙያ፣ መሐል ሜዳ፦ ዱቄት መነስነሱን እኔም እቃወማለሁ። ግን እናትየው ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ «ሽሮፕ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ከተባለች ማዘዣው ዞሮ እኛው ጋ ነው የሚመጣው። ያ ኢንዛይም የማይሰባብረውን አንቲባዮቲክ፣ ክሎክሳሲሊንን፣ በሙሉ መጠን እንድንሰጥ ሠልጥነን ይፈቀድልን።

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ ሙሉ መጠን ያሉትን እናስላው። በኪሎ 25 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 250 ሚሊግራም ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 10 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ፣ 40 በቀን። የ5 ቀኑ 200 ይሆናል። ባለ 100 ጠርሙስ አንድ ብቻ ከተሸጠ በሁለት ቀን ተኩል አለቀ፤ ወይም «እንዲበረክት» በግማሽ ይሰጣል። በባዶ ሆድ መሰጠት እንዳለበትስ ማን ይነግራታል?

ብጉንጅ ከሆነ ደግሞ ዋናው ሕክምና ሽሮፕ አይደለም። የተቋጠረ መግል ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ እንደሚገባ አይደርስበትም፤ በባለሙያ እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት። ሜቲሲሊንን (የክሎክሳሲሊን ዘመድ የሆነ መድኃኒት ነው) የተላመደው ስታፍ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ክሎክሳሲሊንም ሆነ ሴፋሌክሲን የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክ አይበግረውም። መግሉን ማፍሰስ ግን ለእሱም ይሠራል። ሲከፈት ናሙና ተወስዶ ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ መመርመር) ቢሠራ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታወቃል።

ጤና መኮንን፣ ደብረ ሲና፦ እከክን ረሳችሁት። ደጋ ላይ ልጆች አንድ ባና ለብሰው ነው የሚተኙት። ሌሊት ያክካሉ፣ ጥፍራቸው ቆዳውን ይከፍታል፣ ባክቴሪያው ይገባል። እከኩ ሳይታከም አንቲባዮቲክ ቢሰጥ ቁስሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ሌላ ዓይነት ይገዛል። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ቅባት መላው ቤተሰብ በአንድ ምሽት ይቀባል፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ገላ ላይ ቆይቶ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል። ባናውን ማጠብ ካልተቻለ በፌስታል ጥፍር አድርጎ አስሮ ለ7 ቀን ማቆየት ነው።

የመድኃኒት መደብር ባለሙያ፦ ይህ እኮ መደርደሪያዬ ጋ ሆኜ ላስረዳ የምችለው ነው! ከልክላችሁኝ ማን ሊነግራት ነው?

ፋርማሲስት፦ ምክሩን ማን ከለከለ? እከኩን ያስረዱ፣ ቅባቱን ይሽጡ። የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ግን በማዘዣ ይሁን። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን፣ ትኩሳት ያለው፣ መጥባት ያቃተው፣ ዓይኑ ዙሪያ ያበጠ ወይም ቅላቱ የሚሰፋ ከመጣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይሸጥለት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

የመድኃኒት መደብር ባለሙያ፦ በእነዚህ ላይ አልከራከርም። ለቀሩት ግን ክሎክሳሲሊኑ ቀድሞ ጤና ጣቢያ ይግባ፣ ከዚያ እኔን ያሽጉኝ።