ሌሊቱን ተኝቶ ጠዋት ሙሉ ጤነኛ፦ ይህ ህግ ጨዋታውን ይጎዳል ወይስ ያድናል?

የጨዋታ መሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክርክሩን እኔ ልክፈተው። ጉዳዩ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ዳይስ እየወረወርን፣ ገጸ ባህሪ ሆነን የምንጫወተው ጨዋታ) 5ኛ እትም የእረፍት ህግ ነው። በ2014 በወጣው ህግ መሠረት ገጸ ባህሪያችሁ በጦር ተወግቶ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ 1 የሕይወት ነጥብ ብቻ ቀርቶት ቢተኛም 8 ሰዓት አርፎ ሲነሳ ነጥቡ በሙሉ ተመልሶለታል። እኔ ይህ ህግ የጨዋታውን ነፍስ ያወጣዋል ባይ ነኝ። "እውነት አይመስልም" ልል አይደለም፤ ዘንዶ በሚበርበት ዓለም ስለዚያ አልከራከርም። የኔ ጭንቀት ውሳኔው ነው። ተጫዋቾች "ድልድዩ ላይ እንዋጋ ወይስ ዞረን እንሂድ?" ብለው የሚከራከሩት የዛሬው ውጊያ ነገም የሚያስከፍላቸው ከሆነ ብቻ ነው። ዋጋው በማግስቱ የሚሰረዝ ከሆነ ሁልጊዜ መዋጋት ያዋጣል፣ ከዚያ ምን ምርጫ ቀረ? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የድሮ ተጫዋች፦ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ደግሞ እናስታውስ። በ1979 የወጣው የአድቫንስድ እትም የመሪ መጽሐፍ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ያረፈ ሰው የሚያገኘው 1 ነጥብ ነበር። አዎ፣ 1። የቱንም ያህል ቢጎዳ 4 ሳምንት ሳያቋርጥ ካረፈ ግን ሙሉ በሙሉ ይድናል። በ1989 በወጣው 2ኛ እትም ቀኑን አልጋ ላይ የዋለ 3 ነጥብ ያገኝ ጀመር። በ2000 3ኛው እትም መጣና በአንድ ሌሊት የሌቭልህን (የገጸ ባህሪህን የዕድገት ደረጃ) ያህል ነጥብ ሰጠህ። በ2008 ደግሞ 4ኛው እትም 6 ሰዓት ብቻ አርፈህ ሁሉንም ውሰድ አለ። 30 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ወር ወደ አንድ ሌሊት ወረድን። በዚህ መሀል የጠፋው ፍርሃት ነው። ያኔ ዋሻ ውስጥ አንድ በር ከመክፈታችን በፊት ጆሮ ደቅነን እናዳምጥ ነበር።

ክሌሪኳ፦ ወንድሜ፣ ያን 4 ሳምንት ማን ተኛው? የሚደረገው ሌላ ነበር። ክሌሪኩ (በአማልክት ኃይል የሚፈውሰው ገጸ ባህሪ) የቀኑን ድግምት በሙሉ ፈውስ ያደርገዋል፣ ጓደኞቹን ያክማል፣ ይተኛል፣ በማግስቱ እንደገና ሞልቶ ያክማል። በጥቂት ቀን ውስጥ ቡድኑ ተነስቶ መንገድ ይገባል። ስለዚህ "ዝግተኛ ፈውስ" የሚባለው ህግ ጠረጴዛው ላይ ሲወርድ ትርጉሙ "ከመሀላችን አንዱ የግድ ክሌሪክ ይሁን፣ እሱም ሌላ ነገር አያድርግ" ነው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነኝ። የአማልክት ቁጣ የማወርድበት፣ ሙታንን የማባርርበት ድግምት እያለኝ ቀኑን ሙሉ የሰው ነጥብ ስሞላ እውላለሁ። ክሌሪክ መጫወት እወዳለሁ፤ ግን የቡድኑ ፋሻ መሆን አልፈልግም።

3ኛው እትም ላይ የሆነውንም አትርሱ። ቀላል ቁስል የምትፈውስ በትር በ750 ወርቅ ትገዛለች፣ 50 ጊዜ ትሰራለች። እያንዳንዱ ውጊያ ሲያልቅ በትሯን ማውጣት፣ ዳይስ መወርወር፣ መደመር፣ እንደገና መወርወር። ህጉ ለሌሊት እንቅልፍ የሚሰጠው ጥቂት ነበር፣ ቡድኑ ግን ለሚቀጥለው ውጊያ ሁሌም ሙሉ ሆኖ ይገባል። 5ኛው እትም ይህን ሁሉ አሰልቺ ነገር አስቀረልን። በዚህ አመሰግነዋለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለመሆኑ የሕይወት ነጥብ ምንድን ነው? ሥጋ ነው ወይስ ዕድል? ሥጋ ከሆነ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ አይጠግነውም። ዕድልና ትንፋሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ወር አያስፈልገውም።

ህግ አንባቢ፦ ጥያቄው ደስ ይላል። ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ ራሱ በዚያው በ1979ኙ መጽሐፍ ነጥቡ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ ችሎታና ዕድልም እንዳለበት ጽፏል። ህጉ ግን ከዚህ ጋር አልሄደም። በቀን 1 ነጥብ የሚመለስ ከሆነ 60 ነጥብ ያለው ጀግና ግማሹን ቢያጣ ለማገገም ሳምንታት ይፈጅበታል፣ 4 ነጥብ ያለው ጀማሪ ግማሹን ቢያጣ በ2 ቀን ይነሳል። ጠንካራው ከደካማው ይልቅ ቀስ ብሎ ይድናል ማለት ነው፤ ይህ በየትኛውም ትርጉም አያስኬድም። 4ኛው እትም ብዙ ተወቅሷል፣ በዚህ ነገር ግን ትክክል ነበር፤ አንድ የፈውስ ዕድል የሚመልሰው የራስህን ሙሉ ነጥብ ሩብ ነው። ለትልቁም ለትንሹም እኩል ይሰራል።

ወደ መሪው ጥያቄ ልመለስ። የ2014ቱ የመሪ መጽሐፍ በአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ግጭት ይጠብቃል። ረጅም እረፍት በ24 ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ አይሰራም። በየመሀሉ አጭር እረፍት አለ፤ 1 ሰዓት አርፈህ ሂት ዳይስህን (ነጥብ ለመመለስ የምትወረውራቸውን ዳይሶች) ትጠቀማለህ። እንዲህ የሚጫወት ቡድን ስድስተኛው ግጭት ላይ ሲደርስ በእርግጥ ይጨነቃል። በቀን አንድ ውጊያ ብቻ የሚያቀርብ መሪ ግን የትኛውንም የእረፍት ህግ ቢያመጣ ውጊያው ቀላል ይሆንበታል።

የጨዋታ መሪ፦ ጥሩ፣ ግን ታሪኩ ሁልጊዜ ዋሻ ውስጥ አይደለም። ቡድኑ ለ12 ቀን ጫካ ሲያቋርጥ በቀን 6 ግጭት ባመጣ ጫካው የጦር ሜዳ ሆነ ማለት ነው። በየሁለት ቀኑ አንድ አደጋ ባመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ሙሉ ጤነኛ ቡድን ያገኛል። ለዚህ ብዬ ነው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን አማራጭ የምመርጠው፤ አጭር እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅም እረፍት 7 ቀን።

ክሌሪኳ፦ ያ አማራጭ በመጀመሪያ የሚጎዳው ጠንቋዩን ነው። ለ8 ሰዓት የሚቆይ የመከላከያ ድግምት ቀኑን ሙሉ እንዲሸፍን ነው የተሰላው። አንተ ቀኑን ሳምንት ስታደርገው የድግምቱ ዕድሜ እዚያው ይቀራል። ሌላም አለ፤ ለተጫዋቾች "7 ቀን አረፍን" ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ተባለ፣ አለፈ። በዚያ ሳምንት ጠላት ካልተንቀሳቀሰ፣ የታገተው ልጅ ካልተወሰደ፣ ሌላ ቡድን ሀብቱን ካልቀደማችሁ ጊዜው ምንም አላስከፈለም። እውነተኛ ዋጋ ከፈለግህ የእረፍቱን ርዝመት ተወው፣ ቦታውን ገድብ። ረጅም እረፍት ጣሪያና ጥበቃ ባለበት ሰላማዊ ቦታ ብቻ ይሁን። ያኔ ጫካው መሀል "እንመለስ ወይስ እንቀጥል?" የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል። አንተ የፈለግኸው ውሳኔ ይኸው ነው።

የጨዋታ መሪ፦ ይህን ወድጄዋለሁ። የጠንቋዩንም ችግር ይፈታል፣ ሰዓቱ ስላልተነካ።

ህግ አንባቢ፦ እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ሁላችሁም ስለ እንቅልፍ ስትከራከሩ ትልቁን ቀዳዳ አልፋችሁታል። እሱ ያለው ነጥብህ 0 ደርሶ ስትወድቅ ነው። በ5ኛው እትም 1 ነጥብ ያለው ተዋጊ ልክ 50 ነጥብ እንዳለው አድርጎ ይመታል። ስለዚህ እሱን ቀድሞ ማከም ድግምት ማባከን ነው። የሚያዋጣው እስኪወድቅ መጠበቅ፣ ከዚያ በ60 ጫማ ርቀት ላይ ሆኖ በቦነስ አክሽን (በተራህ ላይ በሚጨመር ፈጣን ድርጊት) አንዲት የፈውስ ቃል መጣል ነው። በ2014ቱ ህግ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ሲደመር ትንሽ ነገር ብትሆንም ይበቃል፣ ሰውየው ተነስቶ ይመታል። ወድቆ ሳለ መሞት መትረፉን ለመለየት የሚወረውረው የሞት ዳይስ ቆጠራም ይሰረዛል። በሚቀጥለው ዙር ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። በአንድ ውጊያ አራት ጊዜ ሞት አፋፍ ደርሶ ምንም ያልሆነ ጀግና! ፍርሃቱን የገደለው ይሄ ነው፣ ሌሊቱ አይደለም።

በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር (የሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ጨዋታ) 2ኛ እትም ይህን ዘግቶታል። ወድቀህ ከተነሳህ "ቁስለኛ" የሚል ምልክት ይያዝብሃል፣ እንደገና ስትወድቅ ወደ ሞት አንድ ደረጃ ቀርበህ ትጀምራለህ። ደረጃው 4 ሲሞላ አለቀ፣ ሞትህ ነው። ከውጊያ ውጭ ግን ፈውሱ ለጋስ ነው፤ ህክምና የተማረ ማንም ሰው በ10 ደቂቃ ቁስል ያክማል፣ ምልክቱም ይነሳል።

ክሌሪኳ፦ ማንም ሰው! ስሙልኝ፣ ክሌሪክ ብቻ አይደለም።

የድሮ ተጫዋች፦ እንግዲያው ለ5ኛው እትም እንዲህ ላቅርብ። 0 የደረሰ ሁሉ ሲነሳ አንድ ደረጃ የድካም ምልክት ይያዝ። በ2014ቱ ህግ ድካም 6 ደረጃ አለው፣ ስድስተኛው ሞት ነው፣ ረጅም እረፍት የሚያነሳው ደግሞ አንዱን ብቻ። ነጥቡ በሌሊት ይመለስ፣ ሦስት ጊዜ የወደቀ ግን ሦስት ሌሊት ይፈልጋል።

ክሌሪኳ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ሁሌም ከፊት የሚቆመው። ከኋላ ሆኖ ቀስት የሚወረውር አይወድቅም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ስትመታም ስትከላከልም ሁለት ዳይስ ወርውረህ ዝቅተኛውን ትወስዳለህ፤ ስለዚህ የደከመው ይበልጥ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይበልጥ ይደክማል። የ2024ቱ የ5ኛው እትም ክለሳ በየደረጃው ከዳይስህ ውጤት 2 ይቀንሳል፣ እሱ ይሻላል።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ከፊት የምቆም ተዋጊ ነኝ። ብደክምም ችግር የለብኝም፣ ግን ሳልወድቅ በፊት የሚያክመኝ ካለ ነው።

ክሌሪኳ፦ ይህ ህግ ካለ አክምሃለሁ። እስከ ዛሬ ቀድሜ የማላክመው ስለማያዋጣ ነበር።

የጨዋታ መሪ፦ እሺ። በሚቀጥለው ዘመቻ የ2024ቱን የድካም ህግ ከወደቁ በኋላ እጠቀማለሁ፣ ረጅም እረፍት ደግሞ ሰላማዊ ቦታ ብቻ። "ሰላማዊ ቦታ" የሚባለው የቱ እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት አብረን እንጻፈው፣ በየድንኳኑ እንዳንጨቃጨቅ። የመነኮሳት ገዳም ይሆናል እላለሁ። የከሰል አክሳዮች ጎጆስ?

የድሮ ተጫዋች፦ ጎጆው አይሆንም። ተኩላ ይገባበታል።

ክሌሪኳ፦ ዘብ ካቆምን ይሆናል።