የድሮ ፒካፕ ኪንግ ፒን ለምታሳድሱ፦ ከኪቱ በፊት ማሽን ቤቱን ምረጡ

የድሮ ፒካፕ መሪው ሲወላወል ወይም የፊት ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ ሲበላ ብዙ ሰው ሮጦ ኪንግ ፒን፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበትን የብረት ዘንግ፣ ይገዛል። ቆይ፣ መጀመሪያ አረጋግጡ። የፊቱን በክሪክ አንሱና በስታንድ አስደግፉት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። የሚላወስ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ድገሙት። መላወሱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ናክሉ (ጎማውን ይዞ በኪንግ ፒኑ ዙሪያ የሚዞረው ብረት) አክስሉ ላይ ሲጫወት ካያችሁ ግን ኪንግ ፒኑ ወይም ቡኮላው (ፒኑ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል።

ይሄ ጥቆማ ወጥ አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ድፍን ብረት፣ ላላቸው ነው፤ ለምሳሌ ከ1947 እስከ 1955 ለተሠራው ሼቭሮሌት 3100። ፎርድ በ1965 ያመጣው መንታ አክስልም (ለየጎማው የየራሱ ብረት ያለው) መጀመሪያ ላይ ኪንግ ፒን ነበረው፣ ስለዚህ አብዛኛው ነገር ለእሱም ይሠራል።

ኪቶቹን (ፒኑንና አብረውት የሚሸጡትን ዕቃዎች) ሳወዳድር የኔ ምርጫ የነሐስ ቡኮላ ያለው ነው። በፕሬስ ይገባል፣ ከዚያ በልኩ ይሞረዳል፤ ግራሶ በየጊዜው ካገኘ ብዙ ያገለግላል። የናይለኑ በእጅ ይገባል፣ ሞረዳም አይፈልግም፤ ቀላል ሥራ ለሚሠራ መኪና አይከፋም፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ የናክሉ ቀዳዳ ዝገት ከበላውማ ጨርሶ አይዝም። ባለ ሮለሩ መሪውን በጣም ያቀለዋል። ሆኖም ኪንግ ፒን ሙሉ ዙር ስለማይዞር ሮለሮቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየመቱ ፒኑን ይቦረቡሩታል፣ ለጭነት መኪና አልመክረውም። የትኛውንም ስትገዙ ካርቶኑን ከፍታችሁ እዩ፦ ፒን፣ ቡኮላ፣ ክብደት ተሸካሚው ኩሽኔታ፣ ስስ ሮንዴላዎች፣ መቆለፊያ ፒን፣ ክዳን። ሮንዴላ የሌለውን መልሱት፤ የላይ ታች ክፍተቱ የሚስተካከለው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ጥሩ ኪት መጥፎ እጅ ላይ ከወደቀ መሪው ይደርቃል፣ ከታጠፈ በኋላም በራሱ አይመለስም። ምክንያቱ አንድ ናክል ላይ ያሉት ሁለት ቡኮላዎች በአንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ፒኑ ስለሚያንቅ ነው። በአጭር የእጅ ሪመር (ቀዳዳ በልክ መሞረጃ) የላዩንና የታቹን ለየብቻ የሚሞርድ ቤት ካጋጠማችሁ እለፉት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ረጅም ሪመር ያለው ቶርኖ ቤት ጥሩ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን ሞተር የሚያድሱ ማሽን ቤቶች የቢዬላ (የፒስተን ዘንግ) ቡኮላ የሚያስተካክሉበት ሆኒንግ ማሽን ነው፤ ልኩን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያመጣና ገጹን ስለሚያለሰልስ። አዲሱን ፒን ከናክሉ ጋር አብራችሁ ውሰዱ፣ በመጽሐፍ ልክ ብቻ አታሠሩት። ፒኑ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ግፊት ገብቶ ሳይንቀጫቀጭ ከዞረ በቃ። የቡኮላው ቀዳዳ ከግራሶ ማስገቢያው ጋር መግጠሙንም ከመሞረዱ በፊት እዩ፣ ካልገጠመ ግራሶው የትም አይደርስም።

ሲፈታ ደግሞ መቆለፊያ ፒኑን ሳያወጣ በትልቅ መዶሻ የሚጀምር ሰው እጅ ላይ አትተዉት። አክስሉን ቀይ እስኪሆን በእሳት የሚያሞቅ ቤትም እንዲሁ፤ የአክስሉ ብረት ጥንካሬውን ያጣል። እምቢ ያለ ፒን አክስሉን አውርዶ በፕሬስ ይወጣል። ከወጣ በኋላ አዲሱን ፒን አክስሉ ቀዳዳ ውስጥ ሞክሩ። እዚያ ከላላ የትኛውም ኪት አያድናችሁም፣ ቀዳዳው እንዲሰፋ ተደርጎ እጅጌ (ቱቦ መሰል ብረት) ይግባበት።

ሲገጠም ኩሽኔታው ከአክስሉ በታች ይሆናል፣ ዝግ ፊቱ ወደ ላይ፣ ቆሻሻ እንዳይገባበት። ሮንዴላው ከላይ። ግራሶ ስትሰጡ ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ይሁኑ፤ ክብደት ካለበት ግራሶው ኩሽኔታው ውስጥ በደንብ አይገባም። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ግፉ።

በመጨረሻ አላይመንት። የዘመኑን መኪና ብቻ የለመደ ቤት የጎማዎቹን የፊት መግጠም (ከፊት በኩል እርስ በርስ መጠጋታቸውን) ብቻ አስተካክሎ ይሸኛችኋል። በወጥ አክስል ላይ የጎማው ወደ ጎን መዘንበል በቡሎን አይስተካከልም፣ አክስሉ ሳይሞቅ በልዩ ፕሬስ ይታጠፋል። ይህን የሚሠራ የከባድ መኪና አላይመንት ቤት ካገኛችሁ መኪናውን ለእነሱ ስጡ።