ለትርፍ ጊዜው ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የትኛውን ቋንቋ ይምረጥ? (ክርክር)

ጠያቂ፦
ፕሮግራም የምጽፈው ለእንጀራ ሳይሆን ስለምወደው ነው። በሳምንት የማገኘው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛብኝም የጀመርኩትን ለወራት ትቼው እቆያለሁ። አሁን ያሰብኩት መጻሕፍቴን የሚመዘግብና ለማን ምን እንዳዋስኩ የሚያስታውሰኝ ፕሮግራም ለመሥራት ነው። ምክር ስጠይቅ አንዱ ፓይተን፣ ሌላው ሲ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይጠቁመኛል። እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ምክንያታችሁን ጭምር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የፓይተን ደጋፊ፦
ለዚህ ሥራ ከፓይተን የተሻለ አይታየኝም። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረቡት ይህ ቋንቋ ከሁሉ በፊት ኮዱ በቀላሉ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለወራት ርቆ ለሚመለስ ሰው ደግሞ ራሱ የጻፈውን መልሶ መረዳት ዋናው ፈተና ነው። ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ቀን ለማስላትም ሆነ ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ለመጠቀም ስለሚበቃ፣ እርስዎ ላሰቡት ፕሮግራም ተጨማሪ መጫን የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በሲ ከሆነ ግን የአንድን መጽሐፍ ርእስ ለመያዝ እንኳ ስንት ባይት ሜሞሪ እንደሚያስፈልግ አስቦ መመደብ፣ ሲያበቃም መልሶ መልቀቅ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

የሲ ደጋፊ፦
ይህ ኃላፊነት ነው እኮ ትምህርቱ። ለፍላጎቱ የሚጽፍ ሰው አለቃም ቀነ ገደብም የለበትም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። ስለ መመለስ ከተነሳ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የሲ መደበኛ ደንብ መሠረት በጥንቃቄ የተጻፈ ኮድ ዛሬም በአብዛኛው ያለ ችግር ይሠራል። በቀድሞው ዕትም፣ በፓይተን 2፣ የጻፉ ሰዎች ግን፣ ድጋፉ ጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ኮዳቸውን ለፓይተን 3 ማስተካከል ነበረባቸው። ከለውጦቹ አንዳንዶቹ የስሕተት መልእክት እንኳ አያሳዩም፤ 3 ለ2 ሲካፈል በቀድሞው 1፣ በአዲሱ 1.5 ይሰጣል።

የፓይተን ደጋፊ፦
ስለ ሽግግሩ የተነገረው እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሲ ጊዜን ይሻገራል የሚለው በጥንቃቄ ለተጻፈ ኮድ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ጀማሪ ያ ጥንቃቄ ገና የለውም። ከተመደበለት ቦታ አልፎ የሚጽፍ የሲ ፕሮግራም ዛሬ ደህና ሊመስል፣ በሌላ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉም ፕሮግራም) ወይም በሌላ የኮምፓይለር ምርጫ ሲሠራ ግን ሊበላሽ ይችላል። ፓይተን በተመሳሳይ ስሕተት ላይ ይቆምና የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይናገራል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦
ሁለታችሁም ስለ ቋንቋው ትከራከራላችሁ እንጂ በዙሪያው ስላለው ነገር አላነሳችሁም፤ እኔ ባየሁት መጠን ግን የትርፍ ጊዜ ሥራ መና የሚቀረው በአብዛኛው በዙሪያው ባለው ምክንያት ነው። በብሮውዘር ውስጥ ጨዋታ ለማስኬድ ያገለግል የነበረው ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ሲቋረጥ፣ በእሱ ለተሠሩ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች የሚያስኬዳቸው ብሮውዘር ጠፋ። አተም የተባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተርም በታኅሣሥ 2022 ተዘጋ፤ ኮዳቸውን በተራ የጽሑፍ ፋይል የያዙ ግን ሌላ ኤዲተር ከፍተው ቀጠሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ጥያቄ ወሳኝ ይመስለኛል፦ ሥራው ያለ መሣሪያው መኖር ይችላል ወይስ አይችልም?

ስለዚህ ፓይተንን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ከቋንቋው ጋር ከሚመጣው ላይብረሪ ባይወጡ እመክራለሁ። ከውጭ የሚጫን እያንዳንዱ ላይብረሪ በራሱ ጊዜ ይለወጣል፤ በየቀኑ የሚሠራ ባለሙያ ለውጡን በትንሽ በትንሹ ይከተለዋል፣ ከብዙ ወራት በኋላ የሚመለስ ሰው ግን የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ይጠብቀዋል፤ ያችም ቅዳሜ ፕሮግራሙን በማሻሻል ፋንታ በመጠገን ታልፋለች። በእርግጥ የፓይተን የራሱ ላይብረሪም ፈጽሞ አይለወጥም ማለት አይደለም፤ በ2024 በወጣው የፓይተን ዕትም 3.13 ለረጅም ጊዜ የቆዩ አንዳንድ ክፍሎች ተወግደዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ውሳኔ አስቀድሞ ይነገራል።

የሲ ደጋፊ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ መሣሪያ መቀነሱ ግን ልኩን እንዳያልፍ እፈራለሁ። ዲበገር የተባለው ስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆመ በየተለዋዋጩ (ፕሮግራሙ ዳታ በሚይዝበት ስም) ውስጥ ያለውን ዋጋ ያሳያል፤ ይህን ያልተማረ ሰው በግምት ሲደክም ይውላል። የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራምም ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦
ትክክል ነው፤ በተለይ ጊት። ለምን እንደለወጡ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር በየለውጡ ከጻፉ፣ ሲመለሱ የሚመራዎት እሱ ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በፓይተን ልጀምር ወስኛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ በኋላ ሲን ተምሬ ፕሮግራሙን እንደገና ልጻፈው ብል፣ የመዘገብኳቸው መጻሕፍት ምን ይሆናሉ?

ሦስተኛ ተከራካሪ፦
በኤስኪውላይት ከያዟቸው ምንም አይሆኑም። ዳታው በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ኤስኪውላይት ራሱ በሲ የተጻፈ በመሆኑም ያው ፋይል ከሁለቱም ቋንቋ ይከፈታል። አዘጋጆቹም እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ድረስ ድጋፍ ለመስጠት ማቀዳቸውን በይፋ ገልጸዋል። የዳታቤዙን ሠንጠረዦች ሲያዘጋጁ ግን ተዋሹን ከመጽሐፉ ለይተው በራሱ ሠንጠረዥ ይያዙት፤ አንድ ሰው ሦስት መጽሐፍ ሲዋስ ስሙ ሦስት ጊዜ በተለያየ ፊደል እንዳይጻፍ።