የላቬንደር ዘይት ለእናቴ ትከሻ፦ ብቻውን ልቀባት ወይስ ልደባልቀው?

ጠያቂ (ከደሴ)
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ትከሻዋንና አንገቷን ይዟት ይውላል፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ የላትም። ሐኪም አይቷት የጡንቻ መወጠር ነው፣ መታሸት ያግዛታል ብሏል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። እህቴ ከጅዳ ላቬንደር ልካለች፣ ትንሽዬ ጠርሙስ ናት። ስንት ጠብታ ላድርግ? ብቻውን ይቀባል? እማዬ ደግሞ «ጤና አዳም ጨቅጭቀሽ ጨምሪበት» እያለችኝ ነው። ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለ።

ማሳጅ ሠሪው (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ። ብቻውን ግን እንዳትቀቢያት፣ ቆዳ ያስቆጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ላይ 6 ጠብታ ጣይበት፣ 1 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ለጤነኛ ጎልማሳ እስከ 12 ጠብታ ይኬዳል፣ ለእሷ ግን 6ቱ ይበቃል። መደባለቂያው የሱፍ ወይም ያልተቆላ ሰሊጥ ዘይት ይሁን። የተቆላው ሽታው ላቬንደሩን ይውጠዋል። ቀድመሽ ከድብልቁ ትንሽ ክንዷ ላይ፣ በውስጠኛው በኩል ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ካሳከካት ወይም ከቀላ ተዪው።

የሐይቋ
እኛ ቤት ቅባ ኑግ ሞቅ አድርገው ያሹን ነበር። ጠብታ የሚቆጥር ማን ነበር? ማሻአላህ እንቅልፍ ይወስደን ነበር እኮ።

ነርሷ
@የሐይቋ እውነትሽን ነው፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እጅ ነው። ላቬንደር ጭንቀትን በመጠኑ ሊያቀል እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ ተአምር ግን አይጠበቅም። የግፊት መድኃኒቷንም በዚህ ሰበብ እንዳታቋርጥ።

ጠያቂዋ፣ የጤና አዳሙን ነገር አደራ። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁረቱም ቶሎ አይለቅም። ለቡናዋ ይሁናት። ተጨምቀው የሚወጡ የሎሚና የቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ ፍሬ ነው) ዘይቶችም ከፀሐይ ጋር አይስማሙም። ጦስኝም ደህና ቅጠል ነው፣ ዘይቱ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ለቆዳ አልመክረውም።

ነጋዴው (ሸዋ በር)
አንድ ነገር ልጨምር። ከዐረብ አገር የሚመጣው ሁሉ ኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም ከተክሉ የወጣ ንጹሕ ዘይት፣ አይደለም። ብዙው ለልብስ የሚሆን ሽቶ ነው። ጠርሙሱ ጠቆር ያለ መስታወት ይሁን፣ ላዩ ላይ «ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ» የሚል የተክሉ ስም ይፈለግ። «ፍራግራንስ» ወይም «ፐርፊዩም» ካለው ገላ ማሻ አታድርጊው።

ጠያቂ
ነጋዴው፣ ገና አሁን ገልብጬ አየሁት፣ የተክሉ ስም አለ። እሺ፣ አስተሻሸቱስ?

ማሳጅ ሠሪው (ኮምቦልቻ)
የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ክፍሉ ይሙቅ። ድብልቁን በዕቃ አድርገሽ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆዪው። እሳት ላይ አትጣጂው። ከአንገቷ ወደ ትከሻዋ በመዳፍሽ ቀስ እያልሽ ውረጂ። የቋጠረው ቦታ ላይ በአውራ ጣትሽ ትንሽ ቆይ ቆይ በዪ። አከርካሪው አጥንት ላይና የአንገቷ ፊት ለፊት ላይ አትጫኚ። እንደ ወጌሻ ካላንቋቋሁ አትበዪ፣ አመመኝ ስትል ማቆም ነው። 15 ደቂቃ ይበቃል። ስትጨርሺ ድንገት እንዳትነሣ፣ የግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ሊያዞራት ይችላል።

ድንገት ካቃጠላት ውኃ ብቻ አያስለቅቀውም። መጀመሪያ ደረቅ ጨርቅ ላይ የምግብ ዘይት አድርገሽ ጥረጊላት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢያታለሽ።

ነርሷ
ልጁን አትርሺ! ጠርሙሱ ከፍ ያለ ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ የባሰ ነው፣ ሕፃን ትንሽ ቢጠጣው እንኳ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከጠጣ አታስመልሱት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ለጉንፋን ብላችሁም ፊቱና አፍንጫው አካባቢ አትቀቡት።

ጠያቂ
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እግሯንም ያማታል፣ እሱንም ልሽላት?

ነርሷ
ሁለቱም እኩል ደክመው ከሆነ ችግር የለውም። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ ግን እንዳትነኪው። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ማሸት ደግሞ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። የዛኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጃት።