እሴቱ አንድ ከሆነ ውሳኔው የማን ነው?

አስተባባሪ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። ሮታሪና ላየንስን የመሰሉ የአገልግሎት ክለቦች አሉ። በሮታሪ ሥር ያለውን ሮታራክት፣ በላየንስ ሥር ያለውን ሊዮና ራሱን የቻለውን ጄሲአይን የመሰሉ የወጣት መሪዎች ስብስቦችም አሉ። ሁሉም አገልግሎት፣ ታማኝነትና መሪነት የጋራ እሴታችን ነው ይላሉ። ታዲያ ወጣቶቹ በትልልቆቹ ጥላ ሥር ይቆዩ ወይስ ራሳቸውን ችለው ይቁሙ? ዓመተ ምሕረት የምትጠቅሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን።

የጉለሌዋ ሮታራክተር፦ ራሳቸውን ችለው ይቁሙ። ምክንያቴን በአንድ ሥራ ላስረዳ። አንድ ትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ ልናሠራ ተነሳን። ተማሪዎቹን ያነጋገርነው እኛ ነን። ልጆቹ «ቧንቧው መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ይሁን፤ ራቅ ካለ ደወል ሲደወል ማንም አይታጠብም» አሉን። ይህንኑ ጽፈን አቀረብን። ገንዘቡን የሚሰጠው ትልቁ ክለብ ግን «ዋናው በር ፊት ለፊት ይሁን፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል» አለ። እንዳለውም ተሠራ። በምረቃው ቀን ወንበር የደረደርነውም ውሃ ያደልነውም እኛ ነን። ንግግር ያደረገ ወጣት ግን የለም። ልጆቹም እንደፈሩት ሆነ፤ ደወል ሲደወል ሳይታጠቡ ወደ ክፍል ይሮጣሉ። ስለ እሴቱ ማንም አልተጣላም። እኔን የሚያንገበግበኝ ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው።

አንጋፋው ሮታሪያን፦ ልጄ፣ የተደረገባችሁ ልክ አይደለም። ወንበር ደርድሩ ብሎ መድረክ መከልከል ነውር ነው። ግን ከዚህ ተነስተሽ «እንለያይ» ማለትሽ አይዋጥልኝም። አራቱን የሮታሪ ጥያቄዎች ታውቂያቸዋለሽ። እውነት ነው ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? በጎ ፈቃድና የተሻለ ወዳጅነት ይገነባል ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ይጠቅማል ወይ? ኸርበርት ቴይለር በ1932 የጻፋቸው ሊከስር የደረሰ የአሉሚኒየም ዕቃ ኩባንያ ተረክቦ ሲጨነቅ ነው። እኔ ትርጉማቸው የገባኝ ግን በንባብ አይደለም። የክለባችን አንድ ሥራ ለአባል ዘመድ ሊሰጥ ተቃርቦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሥራውም ለዘመድየው አልተሰጠም። እንዲህ ያለውን ነገር ወጣት ለብቻው ተሰብስቦ ከየት ያገኘዋል?

ደግሞ ጊዜውን አስቡት። ሮታሪ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ የጀመረው በ1985 ነው። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ 2020 ነው። 35 ዓመት! ጀማሪና ጨራሽ አንድ ቤት ውስጥ ካልተገናኙ እንዲህ ያለ ሥራ አይዘለቅም።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ በክትባቱ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። አብሮ መሆን በራሱ ፍትሕ ያመጣል የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ሮታሪ እነዚያን ጥያቄዎች የራሱ ያደረገው በ1943 ነው። «ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ» እየተባለ ሴት ግን አባል መሆን አትችልም ነበር። በካሊፎርኒያ የዱዋርቴ ክለብ ሴቶችን ቢያስገባ በ1978 ከአባልነት ተሰረዘ። ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጎተተ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ለሴቶቹ ፈረደ፤ ሮታሪም በ1989 ደንቡን ቀየረ። እሴቱ ያው እሴት ነበር፤ በሩ የተከፈተው ግን ደንቡ ሲቀየር ነው። የወጣቶቹም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በመከባበር ብቻ አይፈታም፤ ደንብ ላይ ይጻፍ።

የቀድሞ ጄሲ፦ ትክክል! እኔ ያደግሁት ጄሲአይ ውስጥ ነው። መነሻው በ1915 ሴንት ሉዊስ ላይ ሄንሪ ጊሰንቢየር የሰበሰባቸው ወጣቶች ናቸው። የእኛም የእምነት ቃል የሰውን ልጅ ማገልገል ከሥራ ሁሉ የላቀ ነው ብሎ ነው የሚያበቃው። ከሮታሪው «ከራስ በላይ አገልግሎት» ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እኛ ዘንድ 40 ሲሞላህ ወንበሩን ለታናሽህ ትለቃለህ። የመጀመሪያዬን ስብሰባ ስመራ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጀንዳ አበላሽቻለሁ፣ ሰዓት አሳልፌያለሁ። ግን «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልጨርሰው» የሚለኝ አዛውንት ስላልነበረ ተማርኩ። ሮታራክት የ30 ዓመቱን የአባላት ዕድሜ ገደብ በ2020 ማንሳቱ ያሳስበኛል። የ20 ዓመት ልጅ ከ45 ዓመት ሥራ አስኪያጅ ጋር ለሊቀመንበርነት እንዴት ይወዳደራል?

የጉለሌዋ ሮታራክተር፦ የዕድሜው ነገር እኔንም ያሰጋኛል። ግን በ2019 የተወሰነውን አትርሳ። የሮታራክት ክለብ የሮታሪ ኢንተርናሽናል አባል መሆን የቻለው ያኔ ነው። ወረቀቱ ላይ አባል ሆነናል። እኔ የጠየቅሁት ወረቀቱ እዚህ እንዲሠራ ነው።

መምህሩ፦ ራስን መቻል ወጪም አለው፤ ይህም ይነሳ። ከ2022 ጀምሮ የሮታራክት አባል ለሮታሪ ኢንተርናሽናል በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ የዩኒቨርሲቲ ክለብ 5 ዶላር፣ የማኅበረሰብ ክለብ 8 ዶላር። ሥራ ላለው ሰው ምንም አይደለም። ከወላጅ በሚላክ ብር ለሚኖር ተማሪ ግን ብዙ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ አጥተው የሚቸገሩ ልጆች አስተምራለሁ። ትልልቆቹን ገፍተን ክለቡ የሀብታም ልጆች መሰብሰቢያ እንዳይሆን እፈራለሁ።

አንድ አንባቢ፦ ነገሩ የሰፈራችንን እድር ይመስላል። ድንኳን ተካዩ ወጣት፣ ወንበር ተሸካሚው ወጣት፤ ሒሳብ ሲነሳ ግን «እናንተ ልጆች ናችሁ»።

አንጋፋው ሮታሪያን፦ እሺ፣ ቁርጥ ያለ ነገር ላቅርብ። ክለቡ በየዓመቱ ከበጀቱ ቆርሶ ለወጣቶቹ ይመድብ። ምን ይሠራ፣ የት ይሠራ የሚለውን እነሱ ይወስኑ። ሒሳቡን በደረሰኝ ያወራርዱ። ቼኩ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር፤ አንዱ የእነሱ፣ አንዱ የእኛ።

የቀድሞ ጄሲ፦ ጋሼ፣ ሁለት ፊርማ ማለት እኮ እናንተ ዝም ካላችሁ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ለአነስተኛ ወጪ የወጣቶቹ ፊርማ ብቻ ይበቃል። ከፍ ላለው ሁለት ይሁን።

አንጋፋው ሮታሪያን፦ ይሁን። «አነስተኛ» የሚባለው ስንት ድረስ እንደሆነ ግን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን።

የጉለሌዋ ሮታራክተር፦ እስማማለሁ፤ እኛም ድምፅ የምንሰጥበት ጉባኤ ከሆነ።