ከብሎክ 7 ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ከብሎክ 7 ጀርባ ያለውን 6 በ15 ሜትር ቦታ ቆሻሻ መጣያ ከመሆኑ በፊት አትክልት እናልማበት ብለን ነበር። ቦታው የጋራ ነው፣ ያለ ጉባኤ ውሳኔ ማንም ዶማ አያነሳም። ረቂቁ ላይ እስካሁን ያለው ይሄ ነው፦ «8 መደብ፣ አጥር፣ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ።» ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

ብሎክ 7፣ ምድር፦ እኔ ደስ ብሎኛል። ግን መስኮቴ ሥር ነው። ትኩስ ፍግ ካመጣችሁ ዝንቡም ሽታውም የእኔ ነው። የተብላላ ብቻ ተብሎ ይጻፍልኝ።

ብሎክ 2፣ 3ኛ ፎቅ፦ ለየቤቱ ለምን አይከፋፈልም? የጋራ ሥራ መጨረሻው ይታወቃል። ሁሉም ሲበላ ይመጣል፣ ውኃ ማጠጣት ላይ ማንም የለም።

ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ መተላለፊያው ሲቀነስ የሚተከለው 48 ካሬ ነው። እኛ 64 ቤት ነን። ለአንድ ቤት የሚደርሰው የበር ምንጣፍ የሚያህል ነው።

ብሎክ 5፣ 2ኛ ፎቅ፦ እትዬ ልክ ነዎት። በደንብ የተብላላ ፍግ አይሸትም፣ እጅ ላይ እንደ አፈር ይፈረፈራል። ትኩሱ ሥርም ያቃጥላል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አፈሩ ነው። ትናንት ወርጄ ቆፈር ቆፈር አድርጌው ነበር። ላይ ላዩ ገረጋንቲና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ነው፣ ሕንፃው ሲሠራ የቀረ። እሱ ሲነሳ ኮቲቻው፣ ያ የሚጣበቀው ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ብቅ ይላል። ቡት ጫማዬን ይዞ ሊያስቀርብኝ ነበር። ኮቲቻ ክረምት ላይ ውኃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በጋ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ቆስጣ የምንተክልበት መደብ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ በጎኑ ቦይ ይውጣለት። የመደቡ ስፋት ከ1.20 ሜትር አይለፍ። ከሁለቱም ጎን እጅ ካልደረሰ ሰው መደቡ ላይ ይቆማል፣ አፈሩም ይጠቀጠቃል።

ብሎክ 9፣ 1ኛ ፎቅ፦ ውኃ በፈረቃ እየመጣልን ምን ልናጠጣ ነው? የአቃቂ ወንዝ ቅርብ ነው፣ ትንሽ ፓምፕ ቢገዛስ?

ብሎክ 5፣ 2ኛ ፎቅ፦ በፍጹም! ወንዙ የፋብሪካም የሽንት ቤትም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በዚያ ውኃ የበቀለ ቆስጣና ሰላጣ ቅጠሉ ውስጥ ከባድ ብረት ሊያጠራቅም ይችላል፣ እሱ ደግሞ ታጥቦ አይለቅም። እንዲህ ከሆነማ ከጉሊት መግዛቱ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሮቶውን አስልቼዋለሁ። መሙላቱ ቀላል ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ በአሸንዳው 5,000 ሊትር ይገኛል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ በየወሩ ከ200 በላይ ይዘንባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በበጋ ለአንድ ካሬ በቀን 5 ሊትር ብንል፣ ለ48 ካሬ 240 ሊትር ይሆናል። ሮቶው ከ20 ቀን ብዙም አያልፍም፣ ጥቅምት ሳይወጣ እንጨርሰዋለን። ሁለተኛ ሮቶ ካላችሁኝ ከወዲሁ እንቢ ብያለሁ።

ብሎክ 5፣ 2ኛ ፎቅ፦ ከሆነማ 8 መደብ ይቅርብን። ሁለት መደብ ብቻ ከፍ እናድርግ፣ 12 ካሬ። በቀን 60 ሊትር ነው፣ ሮቶው 80 ቀን ይሄዳል። እዚያ ላይ ቆስጣና ሀበሻ ጎመን። የውጭ የውጩን ቅጠል እየለቀሙ መሐሉን ከተዉት ለወራት ይሰጣሉ። ከቀሪው ቦታ ገረጋንቲውን አንስተን መደብ ሳናወጣ ሽምብራ እንዝራበት። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘራል፣ ኮቲቻው የያዘው እርጥበት ያደርሰዋል። የዚህ አካባቢ ገበሬ ድሮም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቲማቲም የምትሉ አላችሁ፣ በክረምት በሽታ ይጨርሰዋል፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ብሎክ 2፣ 3ኛ ፎቅ፦ ሽምብራው እሸት ሲሆን ልጆቹ የሚያተርፉልን መሰለሽ?

ብሎክ 7፣ ምድር፦ ይብሉት! ለእነሱ ካልሆነ ለማን ነው? እኔ የምፈራው መድኃኒት መርጨቱን ነው። ክሽክሽ የሚሉት ትንሽ ተባይ ጎመኑ ላይ ከወጣ በሳሙና ውኃ የቅጠሉን የታች ገጽ ማጠብ ነው እንጂ ልጅ የሚሯሯጥበት ቦታ ላይ ኬሚካል አይገባም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ማኅበሩ 2 ከፍ ያሉ መደቦችን ለቆስጣና ጎመን፣ ቀሪውን ቦታ ለሽምብራ ያውላል። ውኃ ከጣሪያ ብቻ። ፍግ የተብላላ ብቻ። ኬሚካል አይረጭም። እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ሳምንት ተራ ይገባል፣ ተራውን የዘለለ ብሎክ በሚቀጥለው ለቀማ ድርሻ የለውም። ለአቅመ ደካሞች በነፃ ይሰጣል፣ የቀረው ከጉሊት ዋጋ በታች ለነዋሪው ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለዘር ይውላል።»

ብሎክ 9፣ 1ኛ ፎቅ፦ ተራ በሚለው ላይ፣ በሥራ ቀን የማይችል ብሎክ ከሌላው መቀያየር እንዲችል ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ አጥሩ ደግሞ ከቆርቆሮ ወደ ሽቦ ይውረድልኝ። በቆርቆሮው ብር ገረጋንቲውን የሚያነሱ የቀን ሠራተኞች እንቀጥርበታለን።

ጸሐፊ፦ ሁለቱም ገብተዋል። ጉባኤው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ካለፈ የሽምብራው ወቅት ያመልጠናል። እስከ እሁድ ተቃውሞ ያለው ይጻፍ። ዶማ ያለው ደግሞ የብሎኩን ቁጥር ያስፍር።

ብሎክ 2፣ 3ኛ ፎቅ፦ ዶማ አለኝ። ተራው ግን ከብሎክ 1 ሳይሆን በዕጣ ይጀመር።